የፊንታን ቀን

እኔና ፊንታን ሮርክን ያገናኘችን አንዲት ኳስ ናት። በሲንሲናቲ የቤዝቦል ሜዳ እሑድ እሑድ መቀመጫው ሲሞላ፣ የተረፈው ሕዝብ ሜዳው ዳር ከገመድ ኋላ ይቆማል። እኔም እዚያ ነበርኩ።

ተመትታ የመጣችው ኳስ ጫማዬ ሥር ቆመች። ተጫዋቹ ፊንታን ሊያነሣት ሮጦ መጣና ሣሩን ይዳብስ ጀመር።

«እግሬ ሥር ናት እኮ! ከተማው ሁሉ የሚያብድልህ በዚህ ዓይንህ ነው?» አልኩት።

«ቀስ በይ፣ አንቺ ልጅ! ሰው እንዳይሰማሽ» አለኝ። ሳቀና ኳሷን ከእግሬ ሥር አንሥቶ ወረወረ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ፀሐይ ፊት ለፊት በምትመታው የቀኝ ጥግ ቆሞ፣ ወደ ሰማይ እያየ ኳስ ሲቀልብ ኖሯል። ዓይኑ እየጠፋ ነበር፤ ይህን የነገረኝ ከተዋደድን በኋላ ነው። ክለቡ ካወቀ በማግሥቱ ያባርረዋል፤ ሥጋ ሻጩ አባቴ ደግሞ ሥራ ለፈታ አየርላንዳዊ ልጁን አይድርም።

«ይህን ዓመት ይጨርስና እናያለን» አለኝ አባቴ፣ ስለ ጋብቻችን ሳነሣበት።

ስለዚህ ዓይን ሆንኩለት። ኳሷ ስትነሣ ከገመዱ ኋላ «ወደ ኋላ!» «ወደ ግራ!» እያልኩ እጮሃለሁ። እሱም ድምፄን ተከትሎ ሮጦ፣ ስትቀርበው በባዶ እጁ ይቀልባታል። ሰዉ ያበድኩ ደጋፊ መስዬው ይስቅብኛል።

«ስንጋባም እንደዚህ ልትጮኺብኝ ነው?» ይለኛል ወደ ቤት ስንሄድ።

«የባሰ ነው እንጂ!»

በጨዋታው ዓመት የመጨረሻ እሑድ ደጋፊዎቹ ዕለቱን «የፊንታን ቀን» ብለው አከበሩለት። ለሚወዱት ተጫዋች እንደሚያደርጉት ጨዋታውን አስቁመው፣ ዕድል ያመጣል በሚሉት የፈረስ ጫማ ብረት ቅርጽ የተጎነጎነ ትልቅ አበባ ሰጡት። አንዲት ጽጌረዳ ጆሮው ላይ ሰክቶ ወደ ጥጉ ሲመለስ አባቴ እንኳ ተነሥቶ አጨበጨበ። ጨዋታው ቀጥሎም ሕዝቡ «ፊንታን! ፊንታን!» ማለቱን አላቆመም። ደስታው ናላዬን አዞረው። እኔም ስሙን እየጠራሁ ዘለልኩ።

ኳሷ የተነሣችው ያኔ ነው። አንገቱን ወደ እኔ ዘንበል አድርጎ ጠበቀ። እኔ «ፊንታን!» እል ነበር። ኳሷ ቅንድቦቹ መካከል መታችው።

ሐኪሙ ዓይኖቹን ጠቅልሎ ከወጣ በኋላ እጄን ፈልጎ ያዘ።

«‹ወደ ኋላ› ብለሽኝ ነበር አይደል? ያ ጩኸታም ሕዝብ ነው ያላሰማኝ።»

«ብዬህ ነበር» አልኩት።

አባቴ እምቢ አለ። ቤቱን ጥዬ ወጣሁና ተጋባን፤ ዐሥራ አንድ ዓመት እጁን ይዤ መራሁት። ፊንታን ያን ሕዝብ እስኪሞት ድረስ ሲረግም ኖረ። እኔም አብሬው ረገምኩ።