ዝርዝሩ ላይ የቀረው ስም

"እናቴ፣ በራስዎ ያነበቡት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ምንድን ነው?"

ዓርብ ዕለት የጎልማሶች ትምህርት አስተማሪያችን ጠየቀኝ።

መልሱን በማግስቱ አገኘሁ...

በልጄ እምላለሁ፣ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይዋ እስከ ልጄ መኝታ ቤት ድረስ ገብታለች።

ልጄ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። በኢንተርኔት ከሰው ጋር የምትጫወተው አሮጌ የተኩስ ጌም አላት። ስትጀምረው የተጫዋቾቹ ስም ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች ይሞላው ነበር። ማንበብ ባልችልም ርዝመቱን አይ ነበር። ከዚያ አንዱ አገባ፣ አንዱ ሥራ ያዘ፣ ሌላው አዲስ ጌም መጣለት... ዝርዝሩ እንደ ሳሙና እያለቀ ሄደ።

እኔ ፊደል ስለይ ሁለት ስም ቀርቶ ነበር።

"ን...ብ።"

"እኔ ነኝ እማ። ጎበዝ!" አለች እየሳቀች።

"ዘ...በ...ኛ። ይሄስ?"

ሳቋ ቆመ።

"እንጃ። ከድሮም አለ። አይተኩስም... የሜዳው በር ጋ ይቆማል።"

ያን ቅዳሜ ከወንበሩ ሳትነሳ ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ሰኞ ሌላ ከተማ ሥራ ትጀምራለች። ሻንጣዋ ባዶውን ተከፍቶ አልጋው ላይ ተቀምጧል።

"ተነሽ እንጂ! ወንበሩ ላይ በቀልሽ እንዴ?"

"እማ..." አለች በሹክሹክታ። "እጄ እምቢ አለኝ።"

ጣቶቿ ማውሱ ላይ ነጥተዋል። ጎተትኳት። አልተነቃነቀችም።

ሶኬቱን ነቀልኩት።

የኮምፒውተሩ ድምፅ ቆመ... ስክሪኑ ግን አልጠፋም።

ባዶው ሜዳ ላይ ዘበኛው ፊቱን ወደ እኛ አዞረ። ከስሙ ሥር ፊደሎች አንድ በአንድ ወጡ። ቀስ ብለው... ለጀማሪ እንደሚጻፍ።

በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ።

"አን...ቺ... ቅ...ሪ።"

"እማ፣ እንዳትነኪው!"

"ዝም በይ። የጻፈው ለእኔ ነው። ሥራሽ ያመልጥሻል።"

እጄን በእጇ ላይ ጫንኩ።

የእሷ ተላቀቀ።

"ንብ" ከዝርዝሩ ጠፋ። በቦታው ሌላ ስም መጣ... ሟች እናቴ ብቻ ትጠራኝ የነበረበት የልጅነት ስሜ።

ልጄ አልሄድም ብላ አለቀሰች።

"ሂጂ" አልኳት። "እኔ ማንበብ ልለማመድ።"

ስልኬን በግራ እጄ ይዤ፣ ይህን የምነግራችሁን እሱ እየጻፈልኝ ነው። ቀኙ ማውሱ ላይ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሻንጣዋን እየጎተተች ስትወጣ ኮቴዋን አዳመጥኩ። በሩ ተከፈተ...

ከኋላዋ የሌላ ሰው ኮቴ ተከተለ።

ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። ዝርዝሩ ላይ አንድ ስም ብቻ አለ።

እኔ ቀረሁ። ልጄ ወጣች።

ዘበኛውም ወጣ።