ቀጭ የማይለው

ማግ አውራ ጣቱን ኪሱ ውስጥ ያለችው ሪሞት ላይ አሳርፎ ይጠብቃል።

ሽሮ ሜዳ፣ የሂሻም ጋቢ መሸጫ። ሂሻም የአስር ሶላት ሊሰግድ ወጥቷል። ከጓሮ ባለው ክፍል የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ንድፍ የተጫነበት ፍላሽ አለ፤ ነገ ለውጭ ሰዎች ይሸጣል። የብረት በሩን የያዘው ኤሌክትሪክ ነው። መብራቱ ሲቋረጥበት ይለቃል።

«ሻይህ ቀዘቀዘ እኮ፣ ቢሊሱማ» አለችው ሙኒያ።

ማግ የሚሉት ባልደረቦቹ ናቸው፤ ለእሷ ቢሊሱማ ነው፣ ኤሌክትሪሺያኑ። የሂሻም ሟች ወንድም ሚስት ናት። ሱቁን ትጠብቃለች፣ ከልጇ ጋር ከሱቁ ጀርባ ታድራለች። የጓሮው በር ስዊች ከእሷ ጠረጴዛ ስር ነው፤ ሌላ ሰው አይነካውም።

«እጠጣለሁ፣ እትዬ።»

ስልኩ አንዴ ነዘረ። «ድር» የሚሉት ባልደረባው የጎረቤቱን አጥር ዘሏል።

ተጫነ።

ምንም ድምፅ የለም።

የበሩን መብራት የሚያቋርጠው የድሮው ሪሌ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀጭ ይል ነበር። ያኔ ከጓሮው መታጠፊያ የሚቀመጠው ዘበኛ፣ ጋሽ ቱሉ፣ ብድግ ብሎ ያያል። ማግ «ተቃጥሏል» ብሎ ሂሻምን አሳመነውና ቀጨኔ በተከራያት ክፍል አዲሱን ሠራ። በአንድ በኩል ትንሽ ባትሪ የሚያክል ጉልበት፣ በሌላ በኩል 220 ቮልት፤ መሃላቸው የሚያገናኝ ሽቦ የለም፣ ብርሃን ብቻ ነው የሚሻገረው። የሚንቀሳቀስ ብረት ስለሌለው አይጮህም፤ ከስዊቹ ሌላ የማግን ሪሞትም ይታዘዛል። ሲያልቅ ኮራበት። እሰይ የእናቱ ልጅ።

አለቃው ሶሬሳ ቃል ሰጥቶት ነበር። «ሴትዮዋ ላይ ምንም አይደርስም።» ማግ እንዴት ብሎ አልጠየቀም።

ስልኩ ሁለቴ ነዘረ። ድር ፍላሹን ይዞ ወጥቷል። ማግ ጣቱን አነሳና ሻዩን ጠጣ።

ሂሻም ተመልሶ ወደ ጓሮ ገባ። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«በሩ አልተሰበረም» አለ። «ጋሽ ቱሉ፣ አልሰማህም?»

«የድሮው ቢሆን እሰማ ነበር። ይሄኛው መቼ ይናገራል?»

ሂሻም ወደ ሙኒያ ዞረ። «ስዊቹ ያለው አንቺ ጋ ነው።»

«ወላሂ አልነካሁም። ቢሊሱማ እዚሁ ፊት ለፊቴ ነበር፤ እሱን ጠይቀው።»

ሁሉም አዩት።

አልነካችም ቢል የሚቀጥለው ጥያቄ ይታወቃል። ታዲያ ማን ከፈተው? ሪሌውን የሠራውስ ማነው?

«እኔ... ማለቴ፣ ስልኬን እያየሁ ነበር» አለ። «አላየሁም።»

ሙኒያ አላለቀሰችም። ባዶውን ብርጭቆ ከፊቱ አነሳች። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ይላል ሰው፤ እሱ የጠጣበት እንኳ ገና አልታጠበም ነበር።

ደጅ ወጥቶ ደወለ።

«አይደርስባትም ብለኸኝ ነበር።»

«ከዚያ ሱቅ ማን ያውጣህ ታዲያ?» አለ ሶሬሳ። «በር ያለ ድምፅ ሲከፈት የሚጠረጠረው ስዊቹን የያዘ ነው። ቱሉ እንዳይሰማ ብቻ መሰለህ?»

«ከመጀመሪያው አስባችሁበታል።»

«አንተስ አላሰብክበትም?»

ስልኩን ዘጋ። አስቦበታል፤ አስቦበት ትቶታል። አፈረ፣ ጆሮው እስኪግል።

ሲመለስ ሂሻም «የድሮውን መልስልኝ» አለው። «የሚጮኸውን።»

መሰላል ላይ ወጥቶ ዝምተኛውን ፈታ። የድሮውን አሰረና ሞከረው።

ቀጭ።

ጋሽ ቱሉ ከልማዱ ብድግ አለ። ሂሻም ያባረራት ሙኒያ ጓዟን ጠቅልላ፣ የልጇን እጅ ይዛ እየወጣች ነበር። ገበያተኛው ቆሞ ያያል፤ «ሌባ» የሚለው ቃል ቀድሟት መንገድ ላይ ደርሷል። ድምፁን ስትሰማ ቆመች።

«ይቺ የምትጮኸዋ ነበረች ምስክሬ» አለችው። «እሷንም ያኔ ፈታሃት፣ አንተም ዛሬ ዝም አልክ።»

ከመሰላሉ ሳይወርድ እስክትርቅ ጠበቀ። ፊቷን ማየት አልቻለም።

ታክሲው ቁልቁል ሲወርድ ኪሱ ያለው ዝምተኛው ሪሌ ገና ሞቅ ይላል። ሲም ካርዱን ሰብሮ በመስኮት ጣለው። ከዚህ በኋላ ቢሊሱማ የሚባል ኤሌክትሪሺያን የለም፣ ማንም አያገኘውም። ሻዩን ግን የጠጣው ማግ ራሱ ነበር፣ እስከ ጭላጩ።