የመውጣት ተቃራኒዎች

ንካንዱ ተጸያፊ ናት። የሻይ ኩባያ ጠርዝ በአውራ ጣቷ ሳትጠርግ አትጠጣም። ቤተ ክርስቲያን ሰው ከጨበጠች፣ እቤቷ ገብታ እስክትታጠብ ድረስ ያን እጇን የሰው ዕቃ የተሸከመች ይመስል ከሰውነቷ አርቃ ነው የምትሄደው። በሉሳካ ዳርቻ፣ መሬቱ ድንጋይ ሆኖ የመጸዳጃ ጉድጓድ ሁሉ ሳይጠልቅ በሚሞላበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ጠባይ ከበሽታ አይተናነስም።

ዝናቡ በገባ በሁለተኛው ወር የምታስተምርበት ትምህርት ቤት መጸዳጃ ሞልቶ ፈሰሰ። የዚያን ቀን የአምስተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ትምህርቷ «ወደ ላይ መውጣት» ለሚለው ተቃራኒ መፈለግ ነበር። ሰሌዳው ላይ ደረደረችው። ፎል፣ መውደቅ። ድሮፕ፣ ጠብ ማለት። ሲንክ፣ መስጠም። ዲሴንድ፣ መውረድ። ልጆቹ አፍንጫቸውን በሸሚዛቸው ሸፍነው ይደግማሉ።

«ቲቸር፣ አንድ ቀርቶዎታል» አለ በመስኮቱ በኩል አንድ ድምፅ።

ዞር አለች። እስከ ጭኑ የሚደርስ የጎማ ቦት ያደረገ፣ መሰላል የተሸከመ ጎልማሳ ቆሟል። ጉድጓዱን ሊጠርጉ ከመጡት አንዱ ነው።

«ምን ቀረኝ?»

«ክላይም ዳውን። እጅና እግርን ይዞ፣ አስቦበት መውረድ። እዚያ የጻፉት ሁሉ እኮ ሰውየው ሳይጠየቅ የሚደርስበት ነገር ነው።»

«ዲሴንድ የሚለውስ?»

«እሱ ለመላእክት ነው። ከአውሮፕላን ለሚወርዱ ሚኒስትሮችም ይሆናል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ንካንዱም ልትስቅ አፏን ከፈተች። ሽታው ገባ። ዘጋችው።

ስሙ ቺፓሻ ነበር። በማግስቱ ጽድት ብሎ ታጥቦ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ «ሌላ ቃል ቀርቶ እንደሆን ልጠይቅ ብዬ ነው» እያለ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቃት። ከዚያ በኋላ በየማታው መንገዷ ላይ ጠፍቶ አያውቅም። ያስቃታል። ዝም ሲልም ዝምታው አይከብድም። አንድ ነገር ግን ግራ አጋባት፤ ቆመው ሲያወሩ ሁልጊዜ ዞር ብሎ ቦታ ይቀይራል።

«ምን ሆነህ ነው እንደ ዶሮ የምትዞረኝ?» አለችው በሦስተኛው ሳምንት።

«ነፋሱ ካንቺ ወደኔ እንዲመጣ ነዋ።»

«ታጥበህ የለ እንዴ?»

«ታጥቤአለሁ። አንቺ ግን አታምኚም።»

እውነቱን ነው። አላመነችም። ወደደችው፤ ሲቀር አመማት፤ እጁን ግን አንድም ቀን አልነካችም። እሱም እጁን ዘርግቶ አያውቅም። በኪሱ ከትቶ ነው የሚያወራት።

ዝናቡ ሲቆም ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌው በአገሩ ወግ አንዱ በሌላው ላይ የተከደነ ሁለት ነጭ ሳህን ይዞ መጣ። ቤተሰቡ ክዳኑን ከገለጠ እሺ ማለት ነው። እንደተከደነ ከመለሰው ነገሩ እዚያው አለቀ።

አባቷ፣ ሰፈሩ በልጃቸው ስም ባሺ ንካንዱ፣ የንካንዱ አባት፣ የሚላቸው፣ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሹም ናቸው። በቅርቡ ያሠሯቸው የሚወልቁ ሰው ሠራሽ የላይ ጥርሶች አሏቸው፤ ካሠሯቸው ወዲህ ፈገግታቸው በዝቷል። የዚያን ቀን ግን ፈገግ አላሉም።

«ይህችን ልጅ ያስተማርኳት ወደ ላይ እንድትወጣ ነው! የሱ እንጀራ መውረድ ነው!» አሉ። «ቅዳሜ ሳይከፈት ይመለሳል።»

ሳህኑ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። እናቷ ባና ንካንዱ ልጃቸውን አዩዋት።

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

ንካንዱ አንገቷን ደፋች። ምን ትበል? የማትነካውን እጅ አግቡኝ ይባላል?

አርብ ጠዋት አባቷ መጸዳጃ ቤት ውስጥ አነጠሱ።

ንካንዱ ከግቢው ሆና ሰማች። መጀመሪያ ማነጠሱ፣ ቀጥሎ ጠብ የሚል ድምፅ። ሳትፈልግ «ድሮፕ» አለች በልቧ። ትንሽ ቆይታም «ሲንክ»።

ባሺ ንካንዱ አፋቸውን በመዳፋቸው ከድነው ወጡ።

«ጥርፌ!» አሉ። «ፈው ጥሩልኝ!»

«ማንን?» አሉ እናቷ።

«ማንን እንደሆነ ታውቂያለፍ!»

ቺፓሻ መሰላሉን ይዞ መጣ። ስለ ሳህኑ አንድ ቃል አልተነፈሰም። የጉድጓዱን ክዳን አነሳ፤ መሰላሉን አስገባ፤ እጅና እግሩን ይዞ ወረደ። ንካንዱ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመች። እስከ ጭኑ ገብቶ በመንሽ ይፈልጋል።

«ሂጂ፣ ይሸትሻል» አላት ቀና ብሎ።

«ሸቶኛል» አለች። አልሄደችም። ዓይኗ ያለቅሳል፤ በፍቅር ነው ለማለት ግን አይቻልም።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጡጫውን ጨብጦ ወጣ። የአባቷን ጥርስ በሳሙና አጠበው፤ በበረኪና ዘፈዘፈው፤ በድስት አፈላው። ድስቱን ባና ንካንዱ በኋላ ጣሉት። ከዚያ ከጓሮ ገብቶ ራሱን አጠበ፤ ሁለት ሳሙና ጨረሰ፤ በሎሚ አሸ።

ባሺ ንካንዱ ጥርሱን አገላብጠው አዩት። ከዚያ አጠለቁት።

«ሰኞ» አሉ ለሙከራ። «ሳህን። ስልሳ ስድስት።» ፈገግ አሉ።

የሠራ ሰው ሳይበላ አይሸኝም። ንሺማው፣ የበቆሎ ገንፎው፣ እየጨሰ ከቅጠሉ ወጥ ጋር ቀረበ፤ ወንዶቹ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፤ ንካንዱ የእጅ ውኃ አፈሰሰች። ቺፓሻ ወደ ማዕዱ እጁን ሲዘረጋ አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለሱ ለብቻው ይቅረብለት» አሉ። «መቼም እጁ… ታውቃላችሁ።»

ቺፓሻ እጁን ሰብሰብ አደረገ።

ያኔ ንካንዱን አቅለሸለሻት። ስሜቱን የልጅነት ጓደኛዋን ያህል ታውቀዋለች፤ ከሆድ ይነሳል፣ ጉሮሮ ላይ ይቆማል፣ ምራቅ ያበዛል። ዛሬ ግን ፊቱን ያዞረው ወደ ቺፓሻ አልነበረም። «እጁ» የሚለው ቃል የወጣበትን ነጭ ጥርስ ነበር የምታየው።

ለብቻው የወጣለትን ሳህን ራሷ አመጣችው። ሴቶች የሚበሉት ማጀት ነው፤ እሷ ግን ከፊቱ ተንበርክካ ተቀመጠች።

«ታጥበሃል?»

«ታጥቤአለሁ።»

«አምናለሁ።»

እጇን ከሳህኑ ሰደደች። ጣቶቹ እዚያው ነበሩ፤ ሞቃትና ሻካራ። አብራው ቆረሰች፤ ጠቅልላ ጎረሰች። መዋጡ ጊዜ ወሰደባት። ግን ዋጠች።

«ንካንዱ!» አሉ አባቷ። «ምን ማለት ነው ይሄ?»

መልሱን የሰጡት ባና ንካንዱ ናቸው። ተነሱ፤ የተከደነውን ሳህን ከቁም ሣጥኑ አወረዱ፤ ባላቸው ፊት አስቀመጡት።

«አንተ ሰውዬ፣ አፍህ ውስጥ ያለው በማን እጅ መጣ? ወይ እሱን አውጣው፣ ወይ ይሄን ክፈተው።»

ባሺ ንካንዱ አፋቸውን ከደኑ። ሳህኑን አዩ። በምላሳቸው ጥርሳቸውን ደባበሱ። ከዚያ፣ ትኩስ ነገር እንደሚነካ ሰው በሁለት ጣት፣ ክዳኑን አነሱት።

አመሻሹ ላይ ንካንዱ ልትሸኘው ወጣች። በሩ ላይ ሲደርሱ ቺፓሻ እንደ ልማዱ ዞሮ ቦታ ሊቀይር ሲል እጁን ያዘችው።

«እዚሁ ቁም» አለችው።

ነፋሱ ከሱ ወደ እሷ ይነፍስ ነበር። በረኪና ሸተታት፤ ሎሚ ሸተታት፤ ከሥር ደግሞ ትንሽ፣ እውነቱን ለመናገር ትንሽም አይደለም፣ ሌላ ነገር ሸተታት።

ፊቷን አጨማደደች። እጁን ግን አልለቀቀችም።