ጨሌው ወደ ወንጭት

በረዶው የጓሳን ሜዳ እኩሌታ ሳይሻገሩ ያዛቸው። ይመኙሻል ጋቢዋን በራሷ ላይ ጥላ በበቅሎዋ ጎን ተሸጎጠች፤ ታናሽ ወንድሟ ይታየው ደግሞ ገብስማውን አውራ ዶሮ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ቁጢጥ አለ። በረዶው ሽምብራ ሽምብራ እያከለ ይወርዳል። ሣሩ ተኛ፣ መንገዱ ነጣ፣ የበቅሎዋ ጀርባ ተንቀጠቀጠ። ሲያባራ ይመኙሻል መጀመሪያ የዳሰሰችው ደረቷን ነው። ጨሌው አለ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። እናታቸው ዘነበች በነሐሴ ሲሞቱ የዛራቸውን ጨሌ፣ ያን ቀይና ቢጫ ዶቃ፣ ለልጅ ልጃቸው ለቤተል ተናዘዙ። ቤተል የይመኙሻል ልጅ ናት፤ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ራቤል ከተማ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ። መስቀል ባለፈ በሳምንቱ አልጋ ላይ ወድቃ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ እህል እምቢ አለች። ጤና ጣቢያው ምንም አላገኘባትም፤ ጠበሉም አላነሳት። አክስቷ ሸዋረጋ «ጨሌውን አንገቷ ላይ እሰሩላትና ትነሳለች» ብላ ድርቅ አለች።

ይመኙሻል ግን አልተዋጠላትም። ልጇ እንደ አያቷ ዕድሜ ልኳን ለዛር ዶሮ ስታሳርድ ልትኖር? እንዳትጥለው ደግሞ ጨሌ እንዲሁ አይጣልም። የአገሩ ወግ ያሰረው እጅ ይፍታው ይላል፤ አለዚያ ተከትሎ ቤት ይገባል። ያሰሩት ሴትዮ ከመነኮሱ ቆይተዋል፤ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ተብለው ከወንጭት ወንዝ ማዶ፣ ገደል ሥር ይኖራሉ። ሰማንያን አልፈዋል። እሳቸው ሳይሞቱ፣ ቤተልም ሳትሞት መድረስ ነበረባት።

ይታየው ጾም የማይገድፍ፣ ቅዳሴ የማያስታጉል ሰው ነው። ዶሮውን ግን ያመጣው እሱ ነው። ለምን ብትለው «ለማንኛውም» አላት። በዚያ አገር ስንት ነገር የሚደረገው ለማንኛውም ነው፤ ቄሱም ያውቃሉ፣ አይተው ዝም ይላሉ።

ቀየት የምትባል መንደር አድረው በማግስቱ ቁልቁለቱን ያዙ። መንገዱ ባንድ በኩል ገደል፣ ባንድ በኩል ቋጥኝ ነው። ከታች ጭላዳዎች ባንድ ጊዜ ጮኹ። በቅሎዋ ጆሮዋን አቁማ አልሄድም አለች። ይታየው ልጓሙን ሲጎትት ነብር ከቋጥኙ ተወርውሮ ጭነቱ ላይ አረፈ። በቅሎዋ ተራገጠች፤ ይታየው በዱላው ሰነዘረና ሳተው፤ ነብሩ ክንዱን በጥፍሩ ዘነጠለው። ይመኙሻል ሁለት እጅ የሚሞላ ድንጋይ አንስታ አፍንጫውን አለችው። አውሬው ጭነቱ ላይ ታስሮ የነበረውን ዶሮ በአፉ ነጥቆ ገደሉን ወረደ።

የነጠላዋን ጫፍ ቀድዳ ክንዱን ስታስርለት ይታየው ጥርሱን ነክሶ «ዛሩ ድርሻውን ወሰደ» አለ።

«ነብር ነው የወሰደው» አለችው። «ተነስ።»

ወንጭት ገና አልጎደለም፤ ጭቃ መስሎ ይጋልባል። መሻገሪያው ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ጠበቋቸው። የእህቷ የሸዋረጋ ልጆች ናቸው፤ ፈንታና ወንድሙ፤ በአይሱዙ ቀየት ደርሰው በአቋራጭ ቀድመዋቸዋል። ፈንታ ክፉ ሰው አይደለም። ጨሌው ከዘር ከወጣ ዛሩ ወደ አንተ ልጆች ይዞራል ብላ እናቱ አስፈራርታ ልካው ነው። ወንድሙ ቁስለኛውን ይታየውን ይዞ አስቀመጠው፤ ፈንታ የበቅሎዋን ልጓም ጨበጠ።

«ስጪኝ። ልጅሽም ትዳን፣ የኔም ይትረፉ» አላት።

እጁ ወደ ደረቷ ሲመጣ ይመኙሻል ሳታስበው ጨሌውን አውጥታ በራሷ አንገት ላይ አሰረችው። ጨሌ ያሰረችን ሴት ወንድ አይነካም፤ ከነካ እጁ ይደርቃል ይባላል። የፈንታ እጅ አየር ላይ ቀረ። ልጓሙን ለቀቀ። ወንድሙም ይታየውን ትቶ ተነሳ፤ ሁለቱም ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው መንገድ ሰጧት። በአርባ ዓመቷ ወንድ መንገድ ሲለቅላት ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ደስ አላት፤ ደስ ማለቱም አስደነገጣት።

የበቅሎዋን ጅራት ይዛ ገባች። ውሃው ወገቧ ደረሰ፣ ቀጥሎ ደረቷ። መሀል ላይ እግሯ ከድንጋዩ ተንሸራቶ ሙሉ በሙሉ ሰጠመች፤ ጅራቱን ግን አልለቀቀችም። ይታየው በደህና እጁ የበቅሎዋን አንገት አቅፎ ነበር። ማዶ ሲደርሱ ሁለቱም ተንበርክከው ጭቃ ተፉ።

እማሆይ ደጃቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። ጨሌውን ሲያዩ ሰፌዱን አስቀመጡት። ይመኙሻል እግራቸው ላይ ወድቃ የመጣችበትን ሁሉ ነገረቻቸው።

«ዛር የለም አልልሽም» አሉ እማሆይ። «እኔ ግን ለእናትሽ ያሰርኩላት ዛር አልነበረም። አባትሽ ይደበድባት ነበር። መጥታ ብታለቅስ ከገበያ ዶቃ ገዝቼ አሰርኩላት። ከዚያ ወዲያ ዱላ አላነሳባትም። ጫማ ያስፈልገኛል ብትል ማን ይሰማታል? ዛሩ ፈለገ ስትል ግን ይገዛላታል። ስለዚህ ውሸቴ እስከ ዛሬ እሰግዳለሁ።»

ይመኙሻል መሻገሪያው ላይ የቆመውን የፈንታን እጅ አሰበች።

እማሆይ ልጅቷን ምን ልታደርጓት ነበር ብለው ጠየቋት። ከጥምቀት በኋላ መሐል ሜዳ ከተማ ላለ አንድ ነጋዴ ልንድራት ነበር አለች፤ ቀኑ የተቆረጠው በመስቀል ሳምንት ነው። ይህን ስትናገር ድምጿ እየሟሸሸ ሄደ።

«ልጅቷ ምን አለች?»

«አልጠየቅናትም፣ እማሆይ።»

መነኩሲቷ የጨሌውን ቋጠሮ ከአንገቷ ላይ በጥርሳቸው ፈትተው ዶቃውን ለወንጭት ሰጡት።

በማግስቱ ይመኙሻል ኔትወርክ እስኪገኝ ሽቅብ ወጣች። ስልኩን ሸዋረጋ አነሳች፤ ልጂቱ ጆሮ ላይ አድርጊልኝ አለቻት። ትንፋሽ ብቻ ተሰማ።

«ቤተል፣ ምን ትፈልጊያለሽ?»

በመጨረሻ ቀጭን ድምፅ መጣ። «የምትጠይቂው እኔን ነው ወይስ ዛሩን?»

«አንቺን።»

ከስልኩ ወዲያ አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ። ልጅቷ ተነስታ መቀመጧ ነው።

«ሠርጉን አልፈልግም።»

«እሺ» አለች ይመኙሻል፤ እንባዋን አልጠረገችውም። «ሌላስ?»

«ራበኝ» አለች ቤተል።