ማኅተሙን ማን ይይዛል?

ሐሙስ ጠዋት ጸሐፊዋ ዘርትሁን መሳቢያዋን ስትከፍት ባዶ ነው። የድርጅቱ ክብ ማኅተም የለም። ቁልፉ አልተሰበረም።

«ጉድ ፈላ!» አሉ ጥበቃው ጋሽ ኦላና፤ ውስጣቸው ግን ደስ ብሏቸዋል። ከፖሊስነት በጡረታ ወጥተው ኢምፔሪያል ሆቴል አጠገብ የዚህን አስመጪ ድርጅት በር መጠበቅ ከጀመሩ ወዲህ የረባ ወንጀል አላዩም።

ዘርትሁን ታለቅሳለች። ቅዳሜ ልጇ ደሴ ትመረቃለች። ስድስት ዓመት ሙሉ የዓመት ፈቃድ በጠየቀች ቁጥር ሥራ አስኪያጁ አቶ ጉግሳ «ማኅተሙን ማን ይይዛል?» እያሉ መልሰዋታል። አሁንማ ጭራሽ ሌባ ልትባል ነው።

«አይዞሽ ልጄ። ትርፍ ቁልፉስ?»

«ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል። ማንም ያነሳዋል።»

ትናንት መጨረሻ የወጣው የሒሳብ ሠራተኛው አብኔዘር ነበር። ጠሩት።

«እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ምን ትሠራ ነበር?»

«ተኝቼ ነበር።»

«ቢሮ ውስጥ?!»

«ጋሼ፣ ሕፃኗ ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። ለአባት የሚሰጡት ፈቃድ ሦስት ቀን! እቤት እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም።»

«ቦርሳህን ክፈት።»

ጡጦና ዳይፐር ወጣ።

«ዝጋው፣ ዝጋው። እግዜር ያሳድግልህ» አሉ እየሳቁ።

ወዲያው አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ጠዋት አቶ ጉግሳ በር ላይ ሰላም ሲሏቸው መዳፋቸውን ሳይሆን ክንዳቸውን ነበር የሰጧቸው፤ እጁ ወጥ የነካው ሰው እንደሚያደርገው። በዚያ ሰዓት ታዲያ በመንገድ ላይ ማን ይበላል?

ዘርትሁንን አስከትለው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገቡ።

«አቶ ጉግሳ፣ እስቲ እንደ ወጉ እንጨባበጥ።»

«አሁን ምን አመጣው?»

«ግድ የለም። ቀኝዎን።»

እጃቸው ቀስ ብሎ ከኪሳቸው ወጣ። አውራ ጣታቸውም መዳፋቸውም ወይን ጠጅ ቀለም!

«ሦስቴ ታጠብኩት፣ አልለቅ አለኝ» አሉ አቶ ጉግሳ። ማኅተሙን ከመሳቢያቸው አወጡ። ከሥሩ አንድ ወረቀት አለ፤ የራሳቸው የዓመት ፈቃድ፣ አምስት ቀን፣ ማኅተም የተመታበት።

«ቢጠይቁኝ እመታልዎት ነበር እኮ!» አለች ዘርትሁን።

«በምን ዓይኔ? አንቺን ስድስት ዓመት ከልክዬ? ሚስቴ ዘንድሮ ካላረፍክ እቤት አትምጣ አለችኝ። ትናንት አንቺ እንደወጣሽ በትርፉ ቁልፍ ከፍቼ እቤት ወሰድኩት፤ ጠዋት ልመልሰው ስል ቀድመሽኝ ገባሽ።»

ጋሽ ኦላና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ዘርትሁን እንባዋን ጠርጋ የፈቃድ ወረቀቷን ዘረጋች።

«ይፈርሙ።»

ፈረሙ። ጧ አድርጋ መታችበትና ማኅተሙን እዚያው ወይን ጠጅ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

«ማን ይይዛል ሲሉ አልነበር? ይኸው፣ እርስዎም መምታት ይችሉበታል። ማክሰኞ እስክመለስ ይያዙት።»

«የእኔስ ዕረፍት?»

«ስመለስ!» አለች፤ ወደ ደሴ ለመሳፈር ላምበረት መናኸሪያ የሚሄድ ታክሲ ልትይዝ እየሮጠች።