ጸሐፊዋ ብዕሩን ያስረከቡበት ገጽ

«ደንብ ደንብ ነው፣ ልጄ» አሉ ጋሼ፣ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ቃለ ጉባኤ የሚያነቡት የኮሚቴ አባላት ናቸው። ተራ አባል ከሆነ በማመልከቻ ይጠይቃል፣ ኮሚቴው ያያል። አንቺ ደግሞ ከሁለቱም የለሽበትም።»

«የእናቴ ጽሑፍ እኮ ነው!»

«ጽሑፉ የእሷ፣ መዝገቡ የማኅበሩ።»

ድንቡሼ መዝገቦቹ ወደተደረደሩበት ቁም ሳጥን አየች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ድንቡሼ ያለቻት እናቷ ስትሆን፣ ጉንጯ ከከሳ በኋላም ስሙ አልለቀቃትም። ማኅበሩ ቤት ለዋሉ ሕመምተኞች አልጋ፣ ዊልቸርና ክራንች ያውሳል፤ ለማን ምን እንደሚሰጥ ኮሚቴው በየአሥራ አምስት ቀኑ ተሰብስቦ ይወስናል። እናቷ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የኮሚቴው ጸሐፊ ነበረች። ከስምንት ወር በፊት፣ በአንድ ተራ ሐሙስ ከሰዓት፣ ልቧ ቀጥ አለ።

ፎቶማ ሞልቷል። ድንቡሼ የጠፋባት የእናቷ ድምፅ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዓይኗን ስትጨፍን እናቷ ከኩሽና ስትጣራ ትሰማት ነበር፤ አሁን አሁን ቃሉ ይመጣል፣ ድምፁ አይመጣም። ከዘጠኝ ዓመት ጽሑፍ ውስጥ አንድ የእናቴ ነገር አይጠፋም ብላ ነው እዚህ የመጣችው። ናፍቆት ደጅ ያስጠናል።

ጓደኛዋ ራዲዮ ግቢው በር ላይ ቀርታለች። ራዲዮ የተባለችው ከጠዋት እስከ ማታ ስለማትዘጋ ነው፤ ዛሬ ግን መንገዱን ሙሉ ዝም እንዳለች ነበር የመጣችው። በሩ ጋ ሲደርሱ ብቻ ድንቡሼን በክንዷ ያዘቻት።

«ይቅርብሽ ባክሽ። እዛ ውስጥ የሰው ጉዳይ ነው ያለው። ምን ይፈይድልሻል? በናትሽ ተይው!»

ካለች በኋላ ነው ያለችውን የሰማችው። ከንፈሯን ነከሰች።

«አንቺ ምን አለብሽ» አለች ድንቡሼ፣ ክንዷን እያስለቀቀች። «እናትሽ ቤት ናት። አባትሽም ፊልድ ነው እንጂ አንድ ቀን ይመጣል።» የራዲዮ አባት ሾፌር ነው። ለሥራ ፊልድ ወጣ ከተባለ ከዓመት በላይ ሆነው፤ ከዚያ ወዲህ ራዲዮ ጓደኞቿን ቤት አስገብታ አታውቅም። እናቴ ብቻዋን ስለሆነች ሰው ሲበዛባት ትደክማለች ትላለች።

ጋሼ ጨካኝ አይደሉም። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ ጽሕፈት ቤቱንም የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። የልጅቷን ፊት አዩና ከመሳቢያቸው አንድ ወረቀት አወጡ። «እስቲ ማመልከቻ ጻፊ። አባል ባትሆኚም ለኮሚቴው እኔ አቀርብልሻለሁ። የሚሉትን እንሰማለን።»

ድንቡሼ ጽፋ ስትጨርስ ውጭ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ከሕመምተኛ ቤት የተመለሱ ሁለት አልጋዎች መጥተው ነው። ጋሼ «መጣሁ» ብለው ወጡ። ቁም ሳጥኑ በሩ ገርበብ እንዳለ፣ ቁልፉ እላዩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ሰይጣን አሳሳታት ማለት ይቻላል፤ ግን ሰይጣንን ያለ ሥራው ባናማው ይሻላል። እግሯ ራሱ ሄደ። የእናቷን የመጨረሻ መዝገብ፣ ባለ አረንጓዴ ሽፋኑን፣ መዘዘችው።

የእናቷ ፊደል ነው፣ ወደ ግራ ጋደል ያለው። ልቧ ዘለለ። ግን ገጽ በገለጠች ቁጥር ተስፋዋ እየሟሸሸ ሄደ። ሰብሳቢው እንዲህ አሉ፣ ነርሷ እንዲህ አሉ፣ ኮሚቴው ተወያይቶ ወሰነ። ሁሉም ሰው እዚያ አለ፣ እናቷ ብቻ የለችም። ለካ ጸሐፊ የሰውን ቃል ይጽፋል እንጂ የራሱን አይጽፍም።

ልትዘጋው ስትል አንድ ገጽ ላይ ጽሑፉ ተለወጠ፤ ፊደሉ ትልልቅ፣ መስመሩ የተንጋደደ። «ጸሐፊዋ ጉዳዩ የሚያውቁትን ቤተሰብ የሚመለከት ስለሆነ ድምፅ እንደማይሰጡ ገልጸው ብዕሩን ለዕቃ ቤት ኃላፊው አስረከቡ» ይላል። ጋሼ ናቸው የጻፉት። ጋሼ ደግሞ ቃለ ጉባኤ አይችሉበትም። እናቷ ከአንድ ሰዓት ክርክር ሁለት መስመር ታወጣለች፤ እሳቸው የሰሙትን ሁሉ፣ የሰውን ሳል እንኳ ሳይቀር፣ እንዳለ አስቀምጠውታል።

«አመልካቹ ሾፌር ናቸው። ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ ከተኙ ሦስት ወራቸው ነው። አልጋው ጎረቤት ሳያይ እንዲገባላቸው፣ ነገሩም ለማንም እንዳይነገር ለምነዋል።» ከላይ ስማቸው አለ። የራዲዮ አባት ስም ነው።

ድንቡሼ ስሙን ደግማ አነበበች፤ ፊልድ የተባለው አልጋ ኖሯል። እዚህ ላይ ማቆም ነበረባት። ዓይኗ ግን ወደ ታች ወረደ።

«ሰብሳቢው፦ የእርስዎ ልጅና የእሳቸው ልጅ ጓደኛሞች አይደሉ? ይነግሯታል ወይ? ጸሐፊዋ፦ እኔማ አልነግራትም። ጓደኛዋ ራሷ ትንገራት፣ ባሰኛት ቀን። የኔዋ ድንቡሼ ጥያቄ ታበዛለች እንጂ ለምትወደው ሰው መጠበቅ ታውቅበታለች፤ አታስቡ። ሰብሳቢው አሳሉ። ጸሐፊዋ ሳቁ።»

ሰማቻት። ቃሉን ብቻ አይደለም፣ ድምጿን፤ «የኔዋ ድንቡሼ» ስትል የምትጎትተውን፣ በአፍንጫዋ የሚጀምረውን ሳቋን። ስምንት ወር ጠፍታ የከረመችው እናቷ አጠገቧ የቆመች ያህል ቀረበቻት። እንባዋ መዝገቡ ላይ እንዳይወርድ አንገቷን ቀና አደረገች።

ከሥር ገና ግማሽ ገጽ ይቀራል። እናቷ ቀጥላ ተናግራ ይሆናል፤ እንዲያውም ሳትናገር አትቀርም። በሕይወቷ እንደዚያ ግማሽ ገጽ የፈለገችው ነገር የለም። ግን የሚወራው ስለዚያ ቤት ነው። ጣቷን ከመስመሩ አነሳችና መዝገቡን ዘግታ ቦታው መለሰችው።

ጋሼ ላባቸውን እየጠረጉ ሲገቡ ቁም ሳጥኑ አጠገብ ቆማ አገኟት።

«ጋሼ፣ ሳይቆልፉት ሄዱ። ከፍቼ አንድ ገጽ አነበብኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ጋሼ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄዱ። «የቱን ገጽ?»

ድንቡሼ አልናገርም በሚል ራሷን ነቀነቀች። ጋሼ አልደገሙም፤ ቁልፉን ሁለቴ አዙረው ኪሳቸው ከተቱት። እሷም ማመልከቻዋን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ አጠፈችው።

«ላቀርብልሽ ነበር እኮ።»

«ይቆይ ጋሼ።»

ራዲዮ በሩ ላይ ጥፍሯን እየበላች ነበር። «አ... አገኘሽ?»

«የእማዬን ሳቅ አገኘሁ።»

«ሳቅ ይጻፋል እንዴ?»

«ጋሼ ከጻፉት ይጻፋል።»

ራዲዮ ፈገግ ልትል ሞከረች፣ ግን ዓይኗ የድንቡሼን ፊት መፈተሹን አላቆመም። ጎን ለጎን መሄድ ጀመሩ። ድንቡሼ እናቷ ያለችውን በልቧ ደገመችው። በዓለም ላይ ይህን ልትነግራት የምትፈልገው አንድ ሰው ብቻ አለች፤ እሷም አጠገቧ እየሄደች ነው፣ ልትነግራት ግን አትችልም። ስለ አባቷም፣ ስለ ፊልዱም ምንም አልጠየቀቻትም።

ወደ ራዲዮ ቤት የሚያስገባው ቅያስ ጋ ደረሱ። ሌላ ቀን ቢሆን ራዲዮ «በቃ ቻው፣ ነገ» ብላ እየሮጠች ትገባ ነበር። ዛሬ ቆመች። በጫማዋ ጫፍ አሸዋውን ቆፈረች፣ ቀና አለች፣ መልሳ አቀረቀረች።

«ስሚ... ቸኩለሻል እንዴ?»

ነገ የሒሳብ ፈተና ነው። ድንቡሼ ገና አንድም ምዕራፍ አልከለሰችም፤ ፀሐዩም ወደ ማዘቅዘቁ ነው።

«አልቸኮልኩም» አለችና ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ መንገድ ዳር ያለው ግንብ ላይ ተቀመጠች።