ከሁለቱ መቅረዞች አንዱ

ዕቃ አከራይዋ ወጥ ቤታቸው በር ላይ በግንባራቸው ተደፍተዋል። ከኋላ አናታቸውን ተመትተዋል። ደማቸው ከሳህን ከተደፋው አቼቶ ጋር ተቀላቅሎ ወለሉን አዳርሶታል፤ በሙቀቱም መሽተት ጀምሯል። መርማሪዋ መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ ይዛ ጎንበስ አለች። ባልደረቦቿ «አነፍናፊዋ» የሚሏት ሊያሞግሷት ነው፤ እሷ ግን እንዲህ ባለው ጠዋት ምነው ጉንፋን በያዘኝ ትላለች።

ሟቿ ለድግስ የሚሆን የብርና የናስ ዕቃ ያከራዩ ነበር። ዕቃው ጥላሸትና ስብ ለብሶ ይመለሳል፤ እዚህ ወጥ ቤት ገብቶ ሲወጣ አዲስ ይመስላል። ናሱ በሎሚና በጨው ይታሻል፤ ብሩ ፎይል በተነጠፈበት ሙቅ ውሃ ውስጥ ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ይነከራል። ሎሚው ተቆርጦ፣ ጨውም በሳህን ሆኖ አሁንም ጠረጴዛው ላይ አለ። ወደዚያ ለመድረስ ግን ደሙን መርገጥ ግድ ነው።

ቤት ውስጥ የነበሩት የሟቿ ልጅ፣ ታናሽ ወንድማቸውና የወንድማቸው ሚስት ናቸው። ልጅቷ ከወዲሁ ካቴና ገብቶላታል። እናቷን አቅፋ ስለተገኘች ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ በደም ጨቅይቷል። ጠዋት ደግሞ የብሩን ትሪ አጥቁረሽዋል፣ አላጠቆርኩም እየተባባሉ ሲጨቃጨቁ ነበር። ይህን ለፖሊስ የነገረው አጎቷ ነው። ነገሩ በዚሁ ከታመነ ወጣትነቷ እስር ቤት ያልቃል።

መርማሪዋ አጎትየውን ሳሎን አገኘችው። ድዱን ስለሚያመው አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ነው የሚያወራው፤ ግን የቅርንፉዱና የመግሉ ሽታ በጣቶቹ መሀል ሾልኮ ይመጣል። ከክፍሉ እንዳልወጣ፣ ማንም ወደ ክፍሉ እንዳልገባ፣ ሚስቱ ስትጮህ ብቻ ወደ ሳሎን ብቅ እንዳለ ነገራት።

«ወጥ ቤቱን አላዩትም?»

«አላየሁም። ደም ሲባል ገና ያጥወለውለኛል።»

ቀጥሎም ነገ የሚወጣ ዕቃ እንዳለ፣ የሚያጸዳው ሰው እንደሌለ እያነሳ ተማረረ። እህቱ እዚያው ወለል ላይ ናቸው። የሰውየው አፍ ብቻ ሳይሆን ከአፉ የሚወጣውም ይሸታል።

ከጀርባው መደርደሪያ ላይ ትናንት ከድግስ የተመለሰ ዕቃ ተደርድሯል። ሁሉም ሰም የተንጠባጠበበትና የደበዘዘ ነው፤ ከጥንዶቹ የናስ መቅረዞች አንዱ ብቻ ያብረቀርቃል። አንስታ በመስኮቱ ብርሃን አገላበጠችው። በቅርጹ ስንጥቆች ውስጥ ነጭ ነገር ደርቋል። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችውና የቅርንፉድ ሽታ ሲመጣባት ቶሎ አራቀችው።

ሚስትየው ያን ሰዓት ውጭ በር ላይ ከዕቃ ጫኙ ጋር ነበረች፤ እሱም አረጋግጧል። መርማሪዋ የጥርስ ሳሙናቸውን ስትጠይቃት ግራ ተጋባች።

«የእኔ ሌላ ነው። ቅርንፉድ ያለበት የእሱ ነው፣ ለድዱ የታዘዘለት። ከክፍላችን አይወጣም።»

ሌላም ነገር ጨመረች። ሟቿ ሥራውንም ቤቱንም ለልጃቸው ሊለቁ ነበር፤ ወንድማቸውን ሌላ ቤት ፈልግ ካሉት ገና ሳምንት አልሞላውም።

ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። ልጅቷ በካቴናዋ ጥግ ላይ ቆማለች። መርማሪዋ መቅረዞቹን ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

«ሁለቱም ትናንት አብረው ቆሽሸው ነው የመጡት። ሟቿ የተመቱት በዚህ በሚያብረቀርቀው ነው። ጥንድ ስለሆነ ቢጠፋ ይታወቃል፤ ስለዚህ ገዳዩ አጽድቶ መመለስ ነበረበት። ቅርጹ ውስጥ የገባውን ደም ውሃ ብቻውን አላወጣለትም።»

«እሷ ናት እንጂ ናስ ማጽዳት የምታውቀው!» አለ አጎትየው።

«አዎ፣ ታውቃለች። በሎሚና በጨው። ሎሚው እዚያው ነበር፣ እሷም ደሙ ውስጥ ተንበርክካ ነበር፤ እጇን መዘርጋት ብቻ ይበቃት ነበር። ይሄ ግን በጥርስ ሳሙና ነው የታሸው፣ ቅርንፉድ ባለበት። ሳሙናው ያለው እርስዎ ክፍል ነው። ከክፍሌ አልወጣሁም፣ ማንም አልገባም ያሉኝም ራስዎ ነዎት።»

ሰውየው መዳፉን ከአፉ አወረደ።

«ሎሚው ጋ መድረስ ያቃተው ሰው ነው ሳሙና የፈለገው» አለች መርማሪዋ። «እህትዎን መግደል አልቀፈፈዎትም። ደማቸውን መርገጥ ግን ቀፈፈዎት።»

«ወለሉን ሞልቶት ነበር እኮ» አለ ሰውየው፤ በቁጣ ሳይሆን እንደሚያስረዳ ሰው። «በየት በኩል ልርገጥ?»

ሚስቱ ከአጠገቡ ተነስታ ራቀች። መርማሪዋ በሥራ ዘመኗ ብዙ ገዳይ አይታለች፤ አንዳንዶቹ አሳዝነዋታል። ይሄኛው ግን አስጠላት፣ እጁን ይዛ ካቴና ማስገባት እንኳ ቀፈፋትና ፖሊሱን በዓይኗ አዘዘችው።

ካቴናው ከልጅቷ እጅ ወጥቶ ለአጎቷ ገባ። ልጅቷ አልጮኸችም፣ አጎቷንም አላየችውም።

«አሁን እናቴን ማንሳት እችላለሁ?» አለች።

መርማሪዋ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ልጅቷ ወደ ታች ሳታይ በደሙ ላይ ተራምዳ ገባችና እናቷ ራስጌ ተቀመጠች።